«ከምግብ በፊት» ማለት መቼ ነው?

ጥያቄ፦ እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ የምንኖረው ኩታበር ነው። ከሆስፒታል ስትወጣ ነርሷ ግሊቤንክላሚድና ሜትፎርሚን የሚባሉ ክኒኖችን ለወንድሜ ሰጥታ፣ አንዱ ከምግብ በፊት፣ ሌላው ከምግብ በኋላ እንደሚወሰድ ነገረችው፤ እሱ ግን በማግስቱ ወደ ሥራው ወደ ኮምቦልቻ ተመለሰ። እናቴ በሦስተኛው ቀን ግሊቤንክላሚዱን በማለዳ ውጣ፣ ቁርስ ሳትቀምስ ለቅሶ ሄደች። እዚያ ላብ አጠመቃት፣ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ንግግሯም ተምታታ፤ የተሻላት ስኳር የበዛበት ሻይ ሲያጠጧት ነው። ነርሷ ምን ማለት ነበረባት? ረመዳንም እየመጣ ነውና እኛስ ምን እንጠይቅ?
ልጃቸው፣ ከኩታበር

መልስ፦ በመጀመሪያ፣ ሻይ ያጠጧቸው ለቀስተኞች ትክክል አድርገዋል። በእናትዎ ላይ የታየው በደም ውስጥ ያለ ስኳር ከልክ በታች ሲወርድ የሚመጣ ምልክት ነው። ግሊቤንክላሚድ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ስለሚገፋፋ፣ ምግብ ካልተከተለው ስኳሩን ያወርደዋል፤ ኃይሉም ለብዙ ሰዓት ስለሚቆይ፣ በሽተኛው የተሻለው ቢመስልም በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መታየት አለበት።

ስሕተቱ የተወለደው «ከምግብ በፊት» ከሚለው ቃል ነው። ነርሷ ማዕዱ ቀርቦ ሊበላ ሲል ማለቷ ነበር፤ እናትዎ ግን በባዶ ሆድ፣ ገና ከመኝታ ሲነሱ ማለት መሰላቸው። «ቁርስዎ ፊትዎ ሲቀርብ ይዋጡት፤ ቁርስ ካልበሉ ይህን ክኒን አይውሰዱ» ቢባሉ ኖሮ አይሳሳቱም ነበር። የወረፋውን ጥድፊያ በነርስነት ስላሳለፍኩበት አውቀዋለሁ፤ ሆኖም ይህ ዓረፍተ ነገር ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።

እኔም ለዓመታት መድኃኒት አስረክቤ «ገባዎት?» እያልኩ እጠይቅ ነበር፤ መልሱም ሁልጊዜ «እሺ ሲስተር» ነበር። በእኛ አካባቢ አንዲት እናት ለረዳቻት ልጅ «አልገባኝም» ማለትን እንደ ነውር ትቆጥረዋለችና፣ «እሺ» ማለቷ መረዳቷን አያሳይም። ስለዚህ ነርሷ «በደንብ ማስረዳቴን እንዳውቅ፣ ነገ ጠዋት ቤትዎ ሆነው ይህን እንዴት እንደሚወስዱት ይንገሩኝ» ብላ ብትጠይቅ፣ ፈተናው በእናትዎ ላይ ሳይሆን በራሷ ላይ ይሆናል፤ ስሕተትም ካለ እዚያው ይታረማል። ይህንንም መጠየቅ ያለባት ራሳቸውን እናትዎንና አብሯቸው የሚያድረውን ሰው ነው። ወንድምዎን አልወቅሰውም፤ አደራው የተሰጠው በማግስቱ ለሚሄድ ሰው መሆኑ ግን ትክክል አልነበረም። የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ኦሮምኛ ወይም አፋርኛ ለሆነ የከሚሴና የባቲ ሕመምተኞች ደግሞ አስተርጓሚ መፈለግ የነርሷ ኃላፊነት ነው።

ረመዳንን በተመለከተ፣ ጾሙ ከመግባቱ ወር ከሁለት ወር ቀደም ብላችሁ ወደ ክትትሉ ሂዱ፤ ነርሷ «ይጾማሉ ወይ?» ብላ ባትጠይቅ እናንተ ጀምሩ። (ዐቢይ ጾምን እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ክርስቲያንም ይኸው ጥያቄ ይመለከተዋል።) የጠዋቱን ግሊቤንክላሚድ በራስ ፈቃድ ወደ ሱሁር (ጎህ ሳይቀድ ወደሚበላው ምግብ) ማዛወር አደገኛ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ምግብ በሌለበት ስኳሩ ሊወርድ ይችላልና ሰዓቱን፣ መጠኑን ወይም ራሱን መድኃኒቱን ሐኪሙ ሊቀይረው ይገባል። ቁርኣን ለታመመ ሰው ጾሙን በሌላ ቀን እንዲያወጣ ስለፈቀደለት፣ እናትዎ የሚያምኗቸውን ሸኽም ቢያማክሩ ልባቸው ይረጋል።

ላቡና መንቀጥቀጡ ቢመለስ፣ ጾም ላይም ቢሆኑ ወዲያው አፍጥረው ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡ፤ በ15 ደቂቃ ካልተሻላቸው ይድገሙት፤ ከዚያም ምግብ ይቅመሱ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን ምንም ነገር በአፋቸው ሳትጨምሩ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ውሰዷቸው።

ወደ ክትትሉ ስትሄዱ ክኒኖቹን ሁሉ ከነማሸጊያቸው ያዙ፤ ከጎረቤት የተዋሱት ወይም በባህላዊ መንገድ የሚወስዱት ካለም አትደብቁ። እስከዚያው ድረስ እናትዎ ለለቅሶም ሆነ ለገበያ ሲወጡ ጥቂት ስኳር በመቀነታቸው ቋጥረው ይያዙ።