አንዱ ቻናል ዝም ሲል፦ ስለ ቤት ሠራሽ አምፕሊፋየር ጥያቄና መልስ

በእጃችሁ ስለሠራችሁት አምፕሊፋየር የላካችሁትን ጥያቄ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልመልስ ነው። አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፦ አንዱ ወገን ይዘፍናል፣ ሌላው አኩርፏል። የሚሠራው ቻናል አጠገባችሁ እያለ አይሲ (ድምፁን የሚያጎላውን ባለ እግር ቺፕ) ለመግዛት አትሩጡ። ሁለቱ መንታ ናቸው። ደህናው ላይ የለካችሁት ቁጥር የታመመውም ላይ መገኘት አለበት። የተለያዩበት ቦታ ላይ ብልሽቱ አለ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። በሁለት ቲዲኤ2030 አይሲ ስቴሪዮ ሠራሁ። ትራንስፎርመሩ 12-0-12 ነው። ቀኙ ቆንጆ፣ ግራው ጭጭ። መርካቶ ሄጄ ሁለት አይሲ ገዛሁ። አንዱን ግራው ላይ ቀየርኩ፣ ያው ነው። ሁለተኛውን ልሞክር?

መልስ፦ ተው ወንድሜ። መጀመሪያ ስፒከሮቹን ንቀል። መልቲሜትሩን ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርግ። ጥቁሩን ግራውንድ (የቦርዱ የጋራ ዜሮ መስመር) ላይ፣ ቀዩን የአይሲው 4ኛ እግር ላይ አሳርፍ። መውጫው እሱ ነው። ዜሮ አካባቢ፣ ቢበዛ ጥቂት አስር ሚሊቮልት ማሳየት አለበት። 16 ቮልት ካየህ ስፒከር እንዳትሰካ፤ ኮይሉን ያነድብሃል። ቀጥለህ 5ኛው እግር ላይ +16 አካባቢ፣ 3ኛው ላይ -16 አካባቢ ፈልግ። (የትራንስፎርመሩ 12 ቮልት ኤሲ ወደ ዲሲ ተለውጦ ሲጣራ ወደዚያ ነው የሚወጣው። 2030 የሚችለው እስከ 18 ስለሆነ ትራንስፎርመርህ ልክ ነው።) የመልቲሜትሩ ጫፍ ተንሸራቶ ሁለት እግር እንዳያገናኝ ብቻ። እኔ ስንቱን አይሲ የገደልኩት ስለካ ነው።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ስፒከሮቹን መልሰህ የመግቢያ ገመዶቹን ግራና ቀኝ አቀያይር። ዝምታው ወደ ቀኝ ከዞረ ጥፋቱ ገመዱ ወይም ስልክህ ነው። ግራ ከቀረ ሳጥኑ ውስጥ ነው። ያኔ ጣትህን የካቻቪቴው ብረት ላይ አሳርፍና በጫፉ 1ኛውን እግር ንካ። «ኡኡኡ» ካለ አይሲው በሕይወት አለ። 220ው የሚገባበት በኩል ግን በደንብ የተሸፈነ ይሁን፤ ሌላው እጅህም ኪስህ ውስጥ።

ጥያቄ (ያው ጠያቂ)፦ ቮልቱ ሁሉ ልክ ነው። ገመድ ባቀያይርም ዝምታው ግራ ቀረ። ካቻቪቴው ሲነካ ግን በግራ «ኡኡኡ» አለ!

መልስ፦ እንግዲህ አይሲህ ጤነኛ ነው። የነቀልከውም ጤነኛ ሳይሆን አይቀርም። አሁን የምትፈልገው ከጃኩ እስከ 1ኛው እግር ያለውን መንገድ ብቻ ነው። ሙዚቃ ክፈትና በእስክሪብቶ ጫፍ የቮሊዩሙን እግሮች፣ ከዚያ የመግቢያዋን 1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ቀስ እያልክ ግፋ። ድምፁ ብቅ ጥልቅ ካለ አገኘኸው። ቦርዱን ገልብጠህ በስልክ መብራት ከጎን እይ። ደህና ሊድ እግሩን አቅፎ ወደ ቦርዱ ተንሸራቶ ይወርዳል። የለቀቀው በእግሩ ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር ቀለበት ይዟል።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ የኔ ቀኙ ዝም አላለም፤ ድምፁ ግን ከግራው በጣም ያንሳል። ሙዚቃ ሳልከፍት እንኳ አይሲው እጅ ያቃጥላል። ያለ ሚካ (አይሲውን ከሂትሲንኩ፣ ከማቀዝቀዣው ብረት፣ የምትለየው ስስ ማገጃ) ስላሰርኩት ይሆን?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። ከ2ኛው እግር በካፓሲተር ወደ ግራውንድ የምትሄደውን ረዚስተር እዪልኝ። 680 ኦም መሆን አለባት፦ ሰማያዊ፣ ግራጫ፣ ቡናማ። ማታ በደካማ አምፖል ስትሠሪ ሰማያዊ፣ ግራጫ፣ ቀይ አንስተሽ ከሆነ 6.8 ኪሎ ኦም ገብቷል። ቡናማና ቀይ ስንቱን አሳስተዋል! በ680 እና ከመውጫው ወደ 2ኛው እግር በምትመለሰው 22 ኪሎ ኦም ረዚስተር አይሲው ድምፁን ወደ 33 እጥፍ ያሳድጋል። በ6.8 ኪሎ ወደ 4 እጥፍ ይወርዳል። ለዚህ ነው ያነሰው። ሙቀቱም ከዚያው ነው፤ 2030 ከ16 እጥፍ በታች ሲሆን አይረጋም። ጆሮ በማይሰማው ፍጥነት ይንቀጠቀጥና በባዶው ይግላል። ረዚስተሯ ልክ ሆና ካገኘሻት መውጫው ላይ ያሉትን 1 ኦም ረዚስተርና 220 ናኖፋራድ ካፓሲተር ፈትሺ።

ጥያቄ፦ ግራው ብቻ «እምምም» ይላል። የማጣሪያ ካፓሲተሮቹን ልቀይር?

መልስ፦ እነሱ ለሁለቱም የጋራ ናቸው። እነሱ ቢሆኑ ሁለቱም ባጉረመረሙ ነበር። የግራው መግቢያ ገመድ ሽቦ መሸፈኛው ግራውንዱን ለቆ ይሆናል።

ጥያቄ (ከቨርጂኒያ ለእረፍት የመጣ)፦ እዚያ የሠራሁትን አምፕሊፋየር አዲስ አበባ አምጥቼ ሰካሁት። ፊዩዝ በጠሰ። ቀይሬ በኮንቨርተር ብሞክረው አንዱ ቻናል ሞቷል።

መልስ፦ ጋሼ፣ አዝናለሁ። የእርስዎ ትራንስፎርመር ለ120 ቮልት የተጠቀለለ ነው። 220 ሲያገኝ ውስጥ ያለው 16 ቮልት ወደ 29 ወጣ። ያን 2030 አይችለውም። የተረፈውም ቻናል በዕድል ነው። የሞተውን አይሲ ይቀይሩ፤ ካፓሲተሮቹ ላይ 25 ቮልት የሚል ከተጻፈና ራሳቸው ካበጠ እነሱንም። ጨርሰው ሲያበሩ ከፌዙ ገመድ ጋር በተከታታይ 60 ዋት አምፖል ያስገቡ። ኤልኢዲ አይሆንም፣ ክር ያለው ነው። ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ሰላም ነው። በርቶ ከቀረ ሾርት አለና ወዲያው ይንቀሉ።

ጥያቄ (የመጀመሪያው ጠያቂ)፦ ጋሼ፣ የቮሊዩሙ መካከለኛ እግር ነው! ቀለበቱን አየሁት። ሊድ ነካ ሳደርገው ግራው ጮኸ። ሳጥኑን ልዝጋ?

መልስ፦ ቆይ። አይሲውን ስትቀይር ሚካዋን መልሰሃል? የ2030 ጀርባ ከ3ኛው እግር ጋር የተያያዘ ነው። ሚካ ከሌለውና ሂትሲንኩ ሳጥኑን ከነካ፣ -16 ቮልቱ ቀጥታ ግራውንድ ላይ ወረደ ማለት ነው። ኮረንቲውን ንቀልና በአይሲው ጀርባና በሂትሲንኩ መካከል መልቲሜትሩ «ቲት» እንደማይል እይ። ካላለ ክደነው።