እንቁላሉን አታንሺባት

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። አንዲት ኮካቲየል በቀቀን አለችኝ። ሦስት ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው ብቻዋን ነው። ባለፈው ወር እንቁላል መጣል ጀመረች። ወንድ ስለሌላት መቼም አይፈለፈልም ብዬ በጣለች ቁጥር አነሳሁት። አሁን 11 ደርሳለች። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ቅርፊታቸው ለስላሳ ነው። የምትበላው የሱፍ ፍሬና የወፍ ጥራጥሬ ነው። ወደፊት ወንድ አምጥቼላት ላራባት አስቤ ነበር። ከትናንት ጀምሮ ግን ድክም ብላለች። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ወደ ማራባቱ በኋላ እንመጣለን። አሁን መጀመሪያ ሄደሽ ወፏን እያት። ወለሉ ላይ ተቀምጣለች? ላባዋን ነፍታ ዓይኗን ትጨፍናለች? በተነፈሰች ቁጥር ጅራቷ ከፍ ዝቅ ይላል? እያማጠች ምንም አይወጣም? ከእነዚህ አንዱን ካየሽ እንቁላል ሆዷ ውስጥ ተይዞባት ይሆናል። ለነገ የሚባል ነገር አይደለም፤ ዛሬውኑ ወፍ ወደሚያክም የእንስሳት ሐኪም ውሰጃት።

እስከዚያ ሙቀት ስጫት። ትንሽ ካርቶን ውስጥ ፎጣ አንጥፊ። ሙቅ ውሃ የያዘ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልለሽ በአንድ በኩል አድርጊላት፤ ሙቀቱ ከበዛባት ወደ ሌላው ጥግ ትሸሻለች። ውስጡ 30 ዲግሪ ገደማ ቢሆንና አየሩ ትንሽ እርጥበት ቢኖረው ጥሩ ነው። ሆዷን ግን እንዳትጫኚ። እንቁላሉ ውስጥ ከተሰበረ ልትሞትብሽ ትችላለች። ዘይት ቀቢያት የሚሉሽም ይኖራሉ፤ አትስሚያቸው። የደከመች ወፍ አፍ ውስጥ ፈሳሽ ማንቆርቆርም ወደ ሳንባዋ ሊገባ ስለሚችል ይቅር።

ለስላሳው ቅርፊት ማስጠንቀቂያ ነበር። ጤነኛ ቅርፊት ከሞላ ጎደል በሙሉ የካልሲየም ውህድ ነው። በጣትሽ ስትነኪው እንደ እርጥብ ቆዳ የሚሰረጉድ እንቁላል ከመጣ የወፏ ክምችት እያለቀ ነው ማለት ነው። እንቁላሉን ገፍቶ የሚያወጣው ጡንቻም የሚሠራው በካልሲየም ነው። ለዚህ ነው ቅርፊቱ ሲሳሳ መውጫውም የሚከብደው።

እስቲ እናስላው። ኮካቲየል 90 ግራም ገደማ ትመዝናለች። አንዱ እንቁላል 5 ግራም ያህል ነው። 11 እንቁላል ማለት 55 ግራም፣ ከራሷ ክብደት ከግማሽ በላይ! ያንን ሁሉ በሱፍ ፍሬ ነው ያወጣችው። ሱፍ ቅባቱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ትንሽ ነው። የጎደለውን ከአጥንቷ እየመዘዘች ሞላችው።

ያነሳሽው ለእሷ አስበሽ እንደሆነ ይገባኛል። ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው። ግን ኮካቲየል በአንድ ዙር ከ4 እስከ 6 እንቁላል፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀን እየዘለለች ትጥላለች። ዙሩ ሲሞላላት መጣሏን ትታ መታቀፍ ብቻ ይሆናል ሥራዋ። ከሥሯ ከጠፋባት ግን ለመተካት ሌላ ትጥላለች። ዶሮ ላይ እኮ ሆን ብለን የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ እንቁላሏን በየቀኑ የምንሰበስበው መጣሏን እንድትቀጥል ነው። የዶሮዋ መኖ ግን ለዚያ ተብሎ ካልሲየም ተጨምሮበታል። ያንቺ ወፍ ያ የላትም።

ስለዚህ ሐኪም አይቷት ከተረጋጋች በኋላ መጠናቸው ተመሳሳይ የሆኑ አራት ወይም አምስት የፕላስቲክ እንቁላሎች አስቀምጪላት። ትታቀፋቸው። ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆናት ተስፋ ቆርጣ ራሷ ትተዋቸዋለች። ከዚያ አንሺያቸው።

ቀጥሎ መብራቱ። ረጅም ብርሃን ለወፍ «የመራቢያ ወቅት ደርሷል» የሚል ምልክት ነው። ማታ እስከ እኩለ ሌሊት አምፖል ከበራባት መጣሏን አታቆምም። ቢያንስ 12 ሰዓት ጸጥ ያለ ጨለማ ትፈልጋለች። ጎጆ የሚመስል ነገርም፣ መስታወትም ከኬጁ ይውጣ። ስትዳብሻት ከራሷና ከአንገቷ አትለፊ። ጀርባዋን መደባበስ ለእሷ የወንድ ግንኙነት ነው።

ምግቧን ቀስ በቀስ ለውጪ። ዋናው ለበቀቀን የተዘጋጀ ፔሌት (የተመጣጠነ እንክብል መኖ) ይሁን፤ ሱፍ ለማባበያ ያህል ብቻ። በዚህ ላይ ጎመን፣ ብሮኮሊ፣ ካሮት። ስፒናች ካልሲየሙን ስለሚይዝባት በእሱ አትተማመኚ። አቮካዶ በጭራሽ፤ ይገድላታል። የዶሮ እንቁላል ቅርፊት 10 ደቂቃ ቀቅለሽ፣ አድርቀሽ፣ አልመሽ ከተቀቀለ እንቁላል ጋር ስጫት። ፀሐይም ያስፈልጋታል። ያለ ቫይታሚን ዲ ካልሲየሙ አይሠራላትም። በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባው ብርሃን አይበቃም፤ የሚጠቅመውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። ኬጁን ወደ ውጭ አውጪ፣ ግማሹን ጥላ አድርጊላት። የቫይታሚን ጠብታ ግን ያለ ሐኪም አትጀምሪ፤ ሲበዛ ኩላሊቷን ይጎዳል።

አሁን ወደ ማራባቱ። ዘንድሮ አይሆንም። እኔ ብሆን ቢያንስ ስድስት ወር አሳርፋት ነበር። በየሳምንቱ ጠዋት ምግብ ሳትቀምስ በኩሽና ሚዛን መዝኛትና ጻፊው። ክብደቷ ከጸና፣ ላባዋም ካማረ ዘመዷ ያልሆነ ወንድ ፈልጊላት። ሲመጣ ቢያንስ ለ30 ቀን በሌላ ክፍል ለብቻው ይቆይ። ሲታኮሲስ የሚባለው በሽታ ጤነኛ ከሚመስል ወፍ ወደ ሰውም ይተላለፋል፤ ስለዚህ ሐኪም ይመርምረው።

ተስማምተው ከጣለች እንቁላሉ ከ18 እስከ 21 ቀን ይታቀፋል። ብዙውን ጊዜ ቀን ቀን ወንዱ፣ ሌሊት ሴቷ ትታቀፋለች። በሰባተኛው ቀን ገደማ በጨለማ ውስጥ ትንሽ ባትሪ ከእንቁላሉ ሥር አብሪ። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉ ቀያይ ደም ሥሮች ካየሽ ጫጩት አለ። ጥርት ያለ ቢጫ ብቻ ከሆነ አልዳበረም፤ እሱንም ቢሆን ዙሩ እስኪያልቅ ከሥሯ አታንሺው። በዓመት ከሁለት ዙር በላይ አትፍቀጂላት። ሁለተኛው እንዳለቀ የጎጆውን ሳጥን አውጪ።