ሆቢ 16ን ለደካማና ለብርቱ ነፋስ ስለማስተካከል ለቀረበው ጥያቄ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ባጭሩ ይኸው ነው፦ ሆቢ 16 ካታማራን (ሁለት ቀፎ፣ ማለትም ሁለት ተንሳፋፊ አካል ያላት የሸራ ጀልባ) ለሁለት ትነዳላችሁ፤ ነፋሱ ሲደክም ጀልባዋ መታጠፍ እምቢ ትላለች፣ ከ15 ኖት (የነፋስ ፍጥነት መለኪያ ነው) ሲያልፍ ደግሞ መሪው እጅ ያዝላል፣ አፍንጫዋም ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ከየትኛው ገመድ ይጀመር? እኔ ከገመድ አትጀምር ባይ ነኝ። መጀመሪያ መሪውንና የምሰሶውን ዝንባሌ የብስ ላይ አስተካክል። እነሱ ከተበላሹ ውኃ ላይ የምትጎትተው ሁሉ ጥፋቱን ከመሸፈን አያልፍም።

መሪው የሚከብደው አብዛኛውን ጊዜ ቅጠሉ (ውኃ ውስጥ የሚገባው ክፍል) እስከ መጨረሻ ወርዶ ስላልተቆለፈ ነው። የታችኛው ጫፍ ጥቂት እንኳ ወደ ኋላ ከቀረ የውኃው ግፊት በሙሉ እጅህ ላይ ያርፋል። ጫፉ ወደ ፊት ገባ ብሎ እንዲቆም አድርግ፤ መቆለፊያው ከላላ አጥብቀው። ቀጥሎ የሁለቱን ቅጠሎች ርቀት በፊት ጠርዛቸውና በኋላ ጠርዛቸው በኩል ለካ። እኩል ይሁን፣ ቢበዛ የፊቱ በ3 ሚሊ ሜትር ይጥበብ። ከዚህ ከራቀ ሁለቱ መሪዎች እየተጋፉ ጀልባዋን ይይዟታል። ማስተካከያው ሁለቱን እጀታዎች የሚያገናኘው አግዳሚ ዘንግ ላይ ነው።

ምሰሶው ወደ ኋላ ሲያዘነብል አፍንጫው ይቀላል፤ ነገር ግን ጀልባዋ ወደ ነፋሱ መዞር ስለምታበዛ መሪው ይከብዳል። መሪውን አስቀድም ያልኩህ ለዚህ ነው። ዝንባሌውን ለመለካት የትራፒዙን ሽቦ (ሰው ከጀልባዋ ጎን የሚንጠለጠልበትን) ወደ ፊት ወስደህ የፊት ሽቦዎቹ ቀፎው ላይ የሚታሰሩበት ጋ አድርስ፣ ርዝመቱን ሳትለቅ ወደ ኋላ አዙረህ የቀፎው ጅራት ላይ የት እንደሚነካ ምልክት አድርግ። የጎን ሽቦዎቹን በማሰሪያው ቀዳዳዎች ስታሳጥር፣ የፊቱን ስታረዝም ምሰሶው ወደ ኋላ ይሄዳል። ወሰኑን የዋናው ሸራ ገመድ ፑሊዎች ይነግሩሃል፤ የሸራው የኋላ ጠርዝ ሳይወጠር የላይና የታቹ ከተነካኩ ዝንባሌው በዝቷል። ለደካማ ነፋስ ቀና አድርገው፣ ለብርቱ ፑሊዎቹ ሊነካኩ እስኪቃረቡ ድረስ አዘንብለው። ይህችን ጀልባ ስትነዳ ምሰሶውን የሚወጥረው የፊቱ ሸራ መስቀያ ገመድ መሆኑንም አትርሳ። በብርቱ ነፋስ ከላላ የፊቱ ሸራ ጠርዝ ይረግብና ወደ ነፋሱ ተጠግቶ መሄድ አይቻልም።

ከ8 ኖት በታች ሸራው ሆድ ይኑረው። የታች መወጠሪያውን (ዋናውን ሸራ በምሰሶው በኩል ወደ ታች የሚስበውን ገመድ) ምሰሶው አጠገብ ትናንሽ ሽብሽቦች እስኪቀሩ ድረስ ብቻ ሳብ፣ የዋናውን ሸራ ገመድ ጥቂት ልቀቅ። ሸራው ውስጥ አግድም የተሰኩትን ቀጫጭን ዘንጎች አታጥብቃቸው፣ በታጠፍክ ቁጥር ወደ ሌላው ጎን መገልበጥ አለባቸው። ሁለታችሁም ወደ ፊት ተጠጉ፣ ጓደኛህ ነፋሱ በሚሄድበት ጎን ይቀመጥ፤ ጅራቱ ከውኃው ይነሳል፣ መጎተቱም ይቀንሳል። ሆቢ 16 ከቀፎዎቿ ሥር የሚወርድ ሰሌዳ የላትም፤ ወደ ጎን እንዳትንሸራተት የሚይዛት የቀፎዎቿ ቅርፅ ነው፣ እሱም የሚሠራው በፍጥነት ነው። ስለዚህ ወደ ነፋሱ አብዝተህ አትጠጋ።

መታጠፍ እምቢ የምትለውም ከዚሁ የተነሳ ነው። ፍጥነት ይዘህ ግባ፣ መሪውን በዝግታ ጀምረህ እያጠበቅህ ሂድ። አፍንጫው ነፋሱን ፊት ለፊት ሲያይ ዋናውን ሸራ አንድ ክንድ ያህል ልቀቅ፤ ካልለቀቅህ ጀልባዋን መልሶ ወደ ነፋሱ ያዞራታል። የፊቱን ሸራ ግን በአሮጌው ጎን ያዘው፣ ነፋሱ ከኋላው ገብቶ አፍንጫውን ይግፋው፣ ከዚያ ቀይረው። ወደ ኋላ መሄድ ከጀመረች መሪውን በተቃራኒው አዙር።

ከ8 እስከ 15 ኖት ብዙ የሚባል የለም፤ ሽብሽቦቹ እስኪጠፉ ወጥር፣ ዋናውን ገመድ አጥብቅ፣ ትራፒዙን ተጠቀሙ።

ከ15 በላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። አስቀድመህ የታች መወጠሪያውን ባለህ ጉልበት ሳብ፣ ቀጥሎ የሸራውን የታች ጠርዝ ወጥረህ አደላድል፣ አሁንም ከከበደ የኋላውን ተንሸራታች (የዋናውን ሸራ ገመድ ፑሊ ወደ ጎን የሚያንሸራትተውን) ከመሃል 15–20 ሴንቲ ሜትር አውጣ። ብዙዎች ዋናውን ገመድ በመልቀቅ ይጀምራሉ። ያኔ የሸራውን የታች ጠርዝ የሚይዘው ዘንግ (ቡም) ጫፉ ይነሳል፣ ምሰሶው ይቃናል፣ ሸራውም ሆዱ ይበልጥ ይሞላል፤ ጉልበት ልትቀንስ ፈልገህ ትጨምራለህ። ገመዱን ለድንገተኛ ግፊት ብቻ አቆየው።

ነፋስ ተከትላችሁ ስትዞሩ መጀመሪያ ወደ ኋላ ሂዱ፣ ከዚያ አዙሩ። አፍንጫው የሚቀበረው በአብዛኛው ይህ ተራ ሲገለበጥ ነው። መቀበር ከጀመረ የፊቱን ሸራ ቶሎ ልቀቁ።

ምሰሶውን ከማቆማችሁ በፊት ቀና ብላችሁ የኤሌክትሪክ መስመር አለመኖሩን እዩ፤ አሉሚኒየም ነው። የጎን ሽቦ ላይ አንድ ክር ተበጥሶ ካያችሁ በዚያ ሽቦ አትውጡ፣ ቀይሩት። ሽቦዎቹን የሚያስሩትን ፒኖች ቀለበቶችም በፕላስተር ጠቅልሏቸው።