ፕሪፔይድና የተከራይ ገንዘብ ለየቅል ናቸው

ወንድሜ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ተከራይ ያለበት ቤት ልትገዛ ነው፤ ክሎዚንጉ (ፈርመህ ቤቱን የምትረከብበት ቀን) ጁን 21 ነው። ፕሪፔይድ ከክሎዚንግ ወጪ በምን እንደሚለይና የጁን ኪራይ የማን እንደሆነ ጠይቀሃል።

የክሎዚንግ ወጪ በአብዛኛው ለተሰጠህ አገልግሎት የምትከፍለው ነው። ፕሪፔይድ ግን የቤቱ የራሱ ወጪ ነው፤ ቀድመህ ትከፍለዋለህ እንጂ የትም አይቀርልህም። የአንድ ዓመት ኢንሹራንስ፣ ኤስክሮ (አበዳሪው ለታክስና ለኢንሹራንስ የሚይዝልህ ሂሳብ) ውስጥ የሚገባ የፕሮፐርቲ ታክስ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ያለው ወለድ። 300,000 ዶላር በ7 በመቶ ከተበደርክ ወለዱ ለ10 ቀን 575 ዶላር አካባቢ ይመጣል።

ኪራዩ ላይ ግን አደራ፣ እንዳትዘናጋ። ሻጩ የጁንን 2,400 ዶላር ተቀብሏል። በቀን 80 ዶላር ማለት ነው። በውሉ የክሎዚንጉ ቀን ለገዢ የሚቆጠር ከሆነ ከ21 እስከ 30 ያለው የ10 ቀን ኪራይ፣ 800 ዶላር፣ ያንተ ነው፤ ከምታመጣው ገንዘብ ላይ ይቀነስልሃል። የተከራዩ ዲፖዚትም (ሲገባ ያስያዘው ገንዘብ) ወደ አንተ መተላለፍ አለበት። እሱ ገቢህ አይደለም፤ ተከራዩ ሲወጣ የሚጠይቀው አንተን ነው። ለብቻው አስቀምጠው። እኔ የመጀመሪያ ቤቴን ስገዛ ይህን ሳላጣራ ፈርሜ፣ ዲፖዚቱን ከኪሴ መልሻለሁ። የሂሳብ ዝርዝሩ ላይ ሁለቱም ተጽፈው ካላየህ አትፈርም።