የፋይበር ግላስ ኮፈን ለሚልኩ ወገኖቼ፦ የማስገጠሚያውንም አብራችሁ ላኩ

ውጭ አገር በመኪና ቦዲ ሥራ ብዙ ዓመት ኖሬ ወደ ወሎ ከተመለስኩ ወዲህ፣ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ወደ አንድ ጋራዥ ጎራ ባልኩ ቁጥር ከግድግዳ ተደግፎ አቧራ የለበሰ አዲስ የፋይበር ግላስ ኮፈን (የመኪና ሞተር መክደኛ) አላጣም። የማን እንደሆነ ስጠይቅ መልሱ ተመሳሳይ ነው፤ ወንድሙ ከአሜሪካ ወይም እህቱ ከጀርመን ልካለት፣ አልገጥም ብሎ የቀረ ነው። ይህን ምክር ቀደም ብዬ ባለመጻፌ ይቆጨኛል። አሁን ግን ሳላለባብስ ስለምናገር ቅር እንዳይላችሁ።

1. ከመግዛታችሁ በፊት

«ኮሮላ ናት» የሚል መልስ ብቻ ይዞ ኮፈን የሚያዝ ሰው ገንዘቡን ቦርከና ወንዝ ውስጥ እንደጣለው ይቁጠረው። እ.ኤ.አ. የ2003 እስከ 2008 ሞዴል ተብሎ በሰሜን አሜሪካ የተሸጠው ኮሮላ፣ በዚያው ትውልድ ለጃፓን ገበያ ከተሠራው ይረዝማል፤ የፊቱ ቅርጽም የተለየ ነው። ስለዚህ የሻንሲ ቁጥሩን፣ የፊት መብራቶቹንና የአሮጌውን ኮፈን ፎቶ አስልካችሁ ከሻጩ ጋር አመሳክሩ። አሮጌው ኮፈን ራሱ በአንድ ወገን ሰፍቶ በሌላው ጠቦ የሚዘጋ ከሆነ መኪናዋ ቀደም ሲል ተጋጭታ ሊሆን ስለሚችል፣ እሷ ሳትቃና ምንም ዓይነት አዲስ ኮፈን አይገጥማትም።

ርካሹን ለምን እንደምጠላው ልንገራችሁ። የፋይበር ግላስ ኮፈን የሚሠራው የመስታወት ክር በፎርማ ላይ በሬዚን፣ ማለትም በሚጠነክር ፈሳሽ ሙጫ፣ እየተነከረ ሲሆን፣ ሬዚኑ ሲጠነክር ይኮማተራል። ፎርማውን ለቀጣዩ ትእዛዝ የቸኮለበት አምራች ኮፈኑን በደንብ ሳይጠነክር ስለሚያወጣው፣ ማዕዘኖቹ በኋላ ይጣመማሉ። እንዲህ ያለው ኮፈን ኮንቴይነር ውስጥ ጥግ ተደግፎ የጅቡቲን ሙቀት ሲያሳልፍ ምን መስሎ እንደሚደርስ እናንተው ገምቱት።

2. ወረቀት

የግዢ ደረሰኙን ከዕቃው ጋር ላኩ፤ ቀረጡንም ዕቃው ሳይጫን ከጉምሩክ አጣሩ።

3. አገጣጠሙ

ኮፈኑ ቀለም ሳይነካው ይገጠማል፤ ይህ የማይታለፍ ደንብ ነው። ከተቀባ በኋላ ሻጩ አይመልስላችሁም፤ ባለሙያውም ጠርዙን በነካ ቁጥር ቀለሙ እንደገና ይበላሻል።

አሮጌው ሲፈታ የማጠፊያዎቹ ቦታ በእርሳስ ይከበብ። አዲሱ ለሁለት ሰው ተይዞ ቡሎኖቹ ሳይጠብቁ ይቀመጥ፤ መቆለፊያው ደግሞ ለጊዜው ይፈታ፤ ያልተስተካከለ ኮፈን ከተቆለፈ በኋላ መክፈት ትልቅ ጣጣ ነውና። ከዚያ በዝግታ ወደ ታች አውርዶ ከፊት መስታወቱ በኩል ጀምሮ ክፍተቱን ማየት ነው። ወደፊትና ወደኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚሄደው ኮፈኑን ከማጠፊያው ጋር በሚያይዙት ቡሎኖች ነው። የኋላው ከፍታ ማጠፊያው ከመኪናው አካል ጋር በተያያዘበት ቦታ፣ ካስፈለገም ሮንዴላ በመጨመር ይስተካከላል። የፊቱ ከፍታ ደግሞ ተሽከርክረው በሚወጡትና በሚገቡት የጎማ መደገፊያዎች ነው። ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልበቃ የፓራፋንጎው (ከኮፈኑ ጎን ያለው የጎማ መከለያ) ቡሎኖችም ይላላሉ፤ ፓራፋንጎም ጥቂት ይንቀሳቀሳል። ይህን ሁሉ ሳይሞክር መፍጫ የሚያነሳ ባለሙያ ከገጠማችሁ ሥራውን አስቁሙት።

ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ወጣት ባለሙያ ሲሠራ ቆሜ አይቻለሁ። ፓራፋንጎው ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፎ፣ ሁለት የአንድ ብር ሳንቲሞች ደርቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ በክፍተቱ ውስጥ ያንሸራትታቸዋል። ሳንቲሞቹ በተያዙበት ቦታ ኮፈኑ ላይ በእርሳስ ምልክት ያደርጋል፤ ከዚያ ቁጥር 80 ብርጭቆ ወረቀት በእንጨት ላይ ጠቅልሎ ምልክቱን ብቻ ይሞርዳል። በየሁለት ደቂቃው ኮፈኑን አውርዶ ሳንቲሞቹን እንደገና ያስገባል። አፍና አፍንጫውን መሸፈኑንም ወደድኩለት፤ የመስታወት ብናኝ ለሳንባ ጠንቅ ነው።

ክፍተቱ ከሰፋ ደግሞ ጠርዙ በሬዚንና በመስታወት ክር ይሞላል እንጂ በስቱኮ ብቻ አይለሰንም፤ ስቱኮ ብቻውን ኮፈኑ በተዘጋ ቁጥር እየተመታ ይሰነጠቃል። ሥራው የሚሠራበትን ቦታም አስቡበት። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በክረምት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ሬዚን ከሚፈልገው 15 ዲግሪ ያህል ሙቀት በታች ትሆንና ሥራው ሳይጠነክር እጅ ላይ እየተጣበቀ ይቀራል። አንዳንዱ ማጠንከሪያውን በማብዛት ሊያፋጥነው ይሞክራል፤ ያ ደግሞ ሬዚኑን አግሎ ያሰነጥቀዋል። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ኮምቦልቻ ማሠራት ይሻላል።

የተጣመመ ማዕዘን በዚያው በኮምቦልቻ ፀሐይ ወይም በሙቅ አየር ቀስ ብሎ ሞቆ፣ ከሥሩ ተደግፎና ከላይ ክብደት ተጭኖበት እስኪቀዘቅዝ ይቆያል፤ እሳት ግን አይጠጋውም። ኮፈኑን ወደ ላይ የሚገፋ ጠንካራ ስፕሪንግ ወይም የጋዝ ዘንግ ያለባት መኪና ከሆነች እሱም ይቀነስላት፤ ለከባዱ ብረት የተሠራው ጉልበት ቀላሉን ፋይበር ያጎብጠዋል። መቆለፊያው የሚታሰርበት ቦታ ከውስጥ የብረት ሳህን ይደረግለት፤ ሁለቱ የፊት ማዕዘኖች ላይም የኮፈን ፒን (ኮፈኑን ወደ ታች የሚይዝ ተጨማሪ መቆለፊያ) ይጨመር። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ እየወረዱ ኮፈን ተነቅሎ መስታወት ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን መግለጽ አያስፈልገኝም።

4. ገንዘቡና ይሉኝታው

አሁን ወደ ሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ኮፈኑን ትልካላችሁ፤ ማስገጠሚያውን አትልኩም። ከላይ የዘረዘርኩት ሥራ በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ አይደለም። ወንድማችሁ ደግሞ በዚያች መኪና ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ነው፤ መኪናዋ ጋራዥ በዋለች ቁጥር እንጀራው ይቋረጣል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፣ በእጅ ያለችውን አሮጌ መኪና መንከባከብ ግድ ሆኗል። እናንተ ግን ጤፍ ለምትጭን መኪና አየር ማስገቢያ አፍንጫ ያለው የእሽቅድምድም ኮፈን ትገዛላችሁ። ለማን ነው? ለእሱ ነው ወይስ ለፎቶው?

ዝገት ብቻ ከሆነ ችግሩ፣ አሮጌውን የብረት ኮፈን ደሴ ያለ ጎበዝ ባቲላሜራ ያድነዋል። ብረቱ ከጥገና ውጭ ከሆነም አስቀድማችሁ ያገለገለ የብረት ኮፈን አፈላልጉ። ፋይበር የምመክረው እነዚህ ሁለቱ ሲታጡ ብቻ ነው። ያን ጊዜም አዲሱ ገጥሞ እስኪነዳ ድረስ አሮጌው እንዳይሸጥ አደራ በሏቸው።

ሌላው ይሉኝታ ነው። ወንድማችሁ ስትደውሉለት «በጣም አምሮባታል፣ አላህ ይስጥልኝ» ይላችኋል፤ ኮፈኑ ግን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ደክማችሁ የላካችሁትን ዕቃ «አልሆነም» ብሎ ሊያሳዝናችሁ አይፈልግም፤ የማስገጠሚያ ገንዘብ ጨምሩልኝ ማለትማ ሞት ነው። የሚልክላችሁን ፎቶ ብታዩት ከሩቅ፣ ከፊት ለፊት፣ ጥላ ውስጥ የተነሣ ነው። እናንተም ያንን አይታችሁ ለዘመድ አዝማድ ታሳያላችሁ። ውሸታሙ እሱ አይደለም፤ እውነቱን መናገር እንዲከብደው ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ። የላካችሁትን ዕቃ ዋጋ በየስልኩ የምትቆጥሩለት ሰው እንዴት ብሎ ጉድለቱን ይነግራችኋል?

ስለዚህ ስለ ኮፈኑ ከወንድማችሁ ጋር ሳይሆን በቀጥታ ከባለሙያው ጋር ተነጋገሩ። የሥራውን ዋጋና መኪናዋ የምትቆምበትን ቀን ጠይቃችሁ፣ ወንድማችሁ በእነዚያ ቀናት የሚያጣውን ገቢ ከሥራው ዋጋ ጋር ደምራችሁ ላኩ። ክፍያውን ደግሞ ለሦስት ክፈሉት። የመጀመሪያው ሥራ ሲጀመር ይሰጥ። ሁለተኛው ኮፈኑ ሳይቀባ ተዘግቶ፣ ከሁለቱም ጎን ሳንቲሙ በክፍተቱ ውስጥ ሆኖ በቅርብ የተነሣ ፎቶ ስታዩ ይለቀቅ። የመጨረሻው ቀለሙ ደርቆ፣ መኪናዋ ሐረጎን ወርዳና ወጥታ፣ ቡሎኖቹ እንደገና ከጠበቁ በኋላ ይከፈል።