«ባትሪው ሙሉ ነው» ብዬ የሸጥኩት ላፕቶፕ

ጥያቄ

ሰላም ጋሼ። መምህርት ነኝ፤ የምኖረው ጎፋ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ላፕቶፔን ቴሌግራም ላይ ባለ የመሸጫ ግሩፕ አወጣሁት። ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 ነው፤ ራሙ 8 ጂቢ፣ ማከማቻው (ኤስኤስዲው) 256 ጂቢ። አንድ ልጅ ደውሎልኝ መገናኛ አንድ ካፌ ውስጥ ተገናኘን። ግማሽ ሰዓት ያህል እየነካካ አየው። ቻርጀሩ ግን እንደተሰካ ነበር። 31 ሺህ ብር በቴሌብር ላከልኝና ተለያየን።

በዘጠነኛው ቀን ደወለ። «ባትሪው ግማሽ ሰዓት አይሞላም፣ ራሙም 4 ነው የሚለው፤ አጭበርብረሽኛል» አለኝ። ብሩን በሙሉ ካልመለስኩ ፎቶዬን ግሩፑ ላይ «ሌባ» ብሎ እንደሚለጥፍ ጻፈልኝ። እውነቱን ልንገርዎት። ማስታወቂያው ላይ «ባትሪው ሙሉ ነው» ብያለሁ። ሁሉም እንደዚያ ስለሚጽፍ ነው የጻፍኩት። እኔ ጋ እያለ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር የሚቆየው። ራሙ ግን 8 ነበር፤ እምላለሁ። ብሩን ለወንድሜ የኮሌጅ ክፍያ አውጥቼዋለሁ። ብሎክ ላድርገው ወይስ ምን ይሻለኛል?

መልስ

እህቴ፣ ብሎክ እንዳታደርጊው። ብሎክ ያደረግሽው ቀን በእሱ ዓይን አጭበርባሪነትሽ ተረጋገጠ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የምትናገሪውን ማን ይሰማሻል?

ልጁ ሁለት ክስ ነው ያቀረበብሽ። አንዱ እውነት ነው። ሌላው ገና አልታወቀም። እሱ አንድ ላይ ጠቅልሎ ስላመጣቸው አንቺም አንድ ላይ ፈራሻቸው። እኔ ለየብቻ ላያቸው።

ባትሪው የአንቺ ነው። «ሙሉ ነው» ብለሻል፣ ሙሉ አልነበረም። ሁሉም ሰው እንደዚያ ስለሚጽፍ ነው ማለትሽ ይገባኛል። ግን ልጁ 31 ሺህ ብር የላከው ለሁሉም ሰው አይደለም፣ ለአንቺ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ዋስ እንዲሆን ያስገድደዋል። ዕቃው እንደተባለው መሆን አለበት። ሕጉ ይህን ሲል ነጋዴ ብቻ አላለም፤ የራሱን ዕቃ አንድ ጊዜ የሸጠንም ሰው ይነካል። ገዢውም ግዴታ አለበት። የገዛውን ዕቃ መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ማሳወቅ አለበት። ቻርጀሩ እንደተሰካ ማየቱ የእሱ ስንፍና ነው ልትይ ትችያለሽ። ግን ያልነቀለው አንቺን አምኖ ነው።

ስለዚህ ስለ ባትሪው አትከራከሪ። ለዚህ ሞዴል የሚሆን ባትሪ ስንት እንደሚያወጣ ሁለት ሦስት ሱቅ ደውለሽ ጠይቂና ዋጋውን ክፈይ። «ያገለገለ ገዝቶ አዲስ ባትሪ ሊያገኝ ነው፣ ግማሹን ልክፈል» የሚሉ ወዳጆች አይጠፉም። እኔ አልስማማም። ቃሉ የአንቺ ስለሆነ ሙሉውን ብትከፍይ ይሻላል። ላፕቶፑን በሙሉ ግን ለአንድ ባትሪ ብለሽ የመመለስ ዕዳ አለብኝ ብለሽ አትጨነቂ። ለተናገርሽው ቃል ክፈይ፤ ለፍርሃትሽ ግን አትክፈይ።

ከመክፈልሽ በፊት ግን ልኩን እወቂ። አንድ ሰዓት ተኩል ይቆይ የነበረ ባትሪ በዘጠኝ ቀን ግማሽ ሰዓት መግባቱ ትንሽ ያጠራጥራል። ዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ የትኛውም ቴክኒሻን በአንድ ደቂቃ ያወጣልሻል። ሪፖርቱ ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ ይይዝ የነበረውንና አሁን የሚይዘውን በቁጥር ጎን ለጎን ያስቀምጣል። የዚህ ሞዴል ባትሪ አዲስ ሲሆን 46 ሺህ ሚሊዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል። አሁን 18 ሺህ ካለ፣ ገና አንቺ ጋ እያለ ደክሞ ነበር ማለት ነው። ዝቅ ስትይ ደግሞ በቀን በቀን የተመዘገበ ታሪክ አለ። የሸጥሽበትን ሳምንት ፈልገሽ ማየት ትችያለሽ። ይህ ታሪክ ዊንዶውሱ እንደ አዲስ ከተጫነ ይጠፋል። ልጁ ፎርማት እንዳያስደርገው አሁኑኑ ንገሪው።

አሁን ወደ ራሙ፣ ላፕቶፑ ሲሠራ ወደሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ። እዚህ ላይ በጣም እንድትጠነቀቂ እፈልጋለሁ፤ እኔ አንድ ሰው የበደልኩት በዚሁ ነገር ነው።

ሜክሲኮ አካባቢ ትንሽ የጥገና ሱቅ በነበረኝ ጊዜ ለአንድ ሰውዬ ላፕቶፕ ሸጥኩ። ራሙ 8 ነበር። በሳምንቱ መልሶ አመጣውና «4 ነው የሚለው» አለኝ። ደሜ ፈላ። አውጥተህ ሸጠህብኝ ነው የመጣኸው ብዬ ደንበኞች ፊት ጮህኩበት። ሰውዬው አንድ ቃል አልመለሰም። ላፕቶፑን በጨርቅ ጠቅልሎ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ሌላ ቴክኒሻን ጋ አስከፍቶት ደወለልኝ። ሁለቱም ራሞች ውስጡ ነበሩ። አንደኛዋ ከስሎቷ፣ ከመሰኪያዋ ማለት ነው፣ ትንሽ ወጣ ብላ ቆማ ነበር። በታክሲ ሲንገላታ ይሆናል የተነቃነቀችው። ገፋ ሲያደርጓት ጠቅ ብላ ገባች፣ 8 አለ። ይቅርታ ልጠይቀው ቤቱ ድረስ ሄጃለሁ። እሱም ተቀበለኝ። ያን ቀን የነበሩት ደንበኞች ግን ይቅርታዬን አልሰሙም፤ እነሱ ዘንድ ሰውዬው እስከ ዛሬ ሌባ ነው።

የአንቺም ሞዴል ሁለት የራም ስሎት አለው። 8 የነበረው 4 እና 4 ሆኖ ከሆነ፣ አንዷ ስትነቃነቅ በትክክል 4 ነው የሚለው። ታስክ ማናጀር በሚባለው የዊንዶውስ መስኮት ውስጥ የሜሞሪው (የራሙ) ገጽ ላይ ስንት ስሎት እንደተያዘ ይጽፋል። ከሁለት አንድ ከሆነ ወይ ወጥታለች ወይ ተነቃንቃለች። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው የጀርባው ክዳን ሲከፈት ነው። ሁለታችሁም ቆማችሁ እያያችሁ ይከፈት። ብሎኖቹን ከመፍታታችሁ በፊት ጠጋ ብላችሁ እዩ፤ ከዚህ በፊት በማይሆን መፍቻ የተከፈተ ላፕቶፕ የብሎኑ መስቀል ይላላጣል። ከሁለታችሁ አንዳችሁ አስከፍታችሁት ከነበረ አሁን ተናገሩ። እስከዚያ «አውጥተህ ነው» የሚል ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ። እሱም «ሰርቀሽኛል» ማለቱን ያቁም።

ስሎቱ ባዶ ሆኖ ከተገኘስ? ያኔ ከባድ ነው። 8 እንደነበረ የሚያሳይ ነገር ያስፈልግሻል። ማስታወቂያው ላይ የሲስተሙን ገጽ ፎቶ አንስተሽ ለጥፈሽ ከሆነ ትልቅ ነገር ነው። ካፌ ውስጥ እሱ ራሱ ከፍቶ አይቶት እንደሆነም አስታውሺ። ሁለቱም ከሌለ አንዲት የ4 ራም ሙሉ ላፕቶፕ ከመመለስ እጅግ ትረክሳለች። ወጪዋን ለሁለት መካፈልን አስቢበት።

ስለ ዛቻው። ዛሬ ማታ ከመተኛትሽ በፊት ንግግራችሁን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስክሪንሾት አድርጊው። ቴሌግራም ላይ ከሁለት አንዱ ሰው መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል፤ ነገ ላታገኚው ትችያለሽ። የቴሌብሩን መልእክትም ከነግብይት ቁጥሩ አስቀምጪ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጁ፣ ቁጥር 1205/2012፣ እንዲህ ያለ መልእክት በስልክ የተጻፈ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ እንዳያጣ ያደርጋል። ይህ ለእሱም ይሠራል። «ባትሪው ሙሉ ነው» የሚለውን ጽሑፍ ልታጠፊው ወይም ልታስተካክዪው ያምርሽ ይሆናል። አታድርጊው። ፎቶ ለጥፎ «ሌባ» ማለትና በዚያ ማስፈራራት ደግሞ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጁ፣ ቁጥር 958/2008፣ የሚያስጠይቅ ነው። ይህን ግን ለልጁ አሁን አትጻፊለት። ዘጠኝ ቀን የያዘውን ዕቃ ተበልቻለሁ ብሎ የተናደደ ወጣት ነው እንጂ፣ ከደብዳቤሽ እንደምረዳው፣ ሊዘርፍሽ የመጣ ሰው አይመስለኝም። ከለጠፈው ወደ ፖሊስ ትሄጃለሽ፤ ማስረጃሽ እጅሽ ላይ ነው።

አንድ ያልነገርሽኝ ነገር አለ። «ፎቶዬን» ስትዪ የቴሌግራም ፎቶሽን ነው ወይስ ላፕቶፑ ውስጥ የቀረ ፎቶ? አካውንትሽን ሳትወጪ፣ ፋይሎችሽን ሳታጠፊ ሰጥተሽው ከሆነ ከባትሪውም ከራሙም የሚቀድመው ይህ ነው። በስልክሽ ወደ ጉግል አካውንትሽ ግቢ። የደኅንነት ገጹ ላይ የተገናኙ መሣሪያዎች ይዘረዘራሉ። ላፕቶፑን ከዚያ አስወጪው፣ የይለፍ ቃልሽንም ቀይሪ። ቴሌግራምም ላይ በሴቲንግ ውስጥ ዲቫይስ የሚለውን ገብተሽ እንዲሁ አድርጊ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ባትሪም ራምም አልፈልግም፣ ብሬን ብቻ ካለሽ መስማማት ትችያለሽ፤ ግዴታ ግን አይደለም። ከተስማማሽ መጀመሪያ ላፕቶፑን ተረከቢ፣ ከታች ያለውን ሴሪያል ቁጥር ከድሮ ፎቶሽ ጋር አመሳክሪ፣ ከዚያ ብሩን በላከበት ቁጥር ብቻ መልሺ። «ለወንድሜ ላኪለት» ካለ እምቢ በዪ። ብሩ በእጅሽ ስለሌለም መልሰሽ እስክትሸጪው ጊዜ እንዲሰጥሽ በግልጽ ንገሪው።

አሁን የምትጽፊለትን ላግዝሽ። ጥፋትን በጽሑፍ ማመን ያስፈራል፤ ግን ማስታወቂያሽ እሱም ጋ አለ፣ የምትደብቂው ነገር የለም። እንዲህ በዪው፦

«ሰላም ወንድሜ። ባትሪው ሙሉ ነው ብዬ መጻፌ ልክ አልነበረም። እኔ ጋ እያለ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር የሚቆየው። ይቅርታ፤ የአዲስ ባትሪ ዋጋ እኔ እችላለሁ። ራሙ ስሰጥህ 8 ነበር። ለምን 4 እንደሚል ሁለታችንም ባለንበት ቴክኒሻን ይክፈተው። ተነቃንቆም ሊሆን ይችላል። ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት መገናኛ ይመችሃል? ቻርጀሩንም ይዘህ ና። እስከዚያ ማንም እንዳይከፍተው፣ ዊንዶውስም እንዳይጫንበት አደራ።»