ስለ ጣና ዓሣ ጠይቃችሁኝ ነበር

ጣና ዳር በዓሣ ባለሙያነት ብዙ ክረምት አሳልፌያለሁ። የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ስላችሁ ጥያቄው ጎረፈ። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። ስለ አደን የጠየቃችሁም አላችሁ፤ እሱ ወደ መጨረሻው ላይ ነው።

ነጭ ዓሣ የት ገባ? ልጆች ሆነን እኮ እንደ ልብ ነበር።

ወንዝ አፍ ላይ ጨረስነዋ! ነገሩ እንዲህ ነው። ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ዓሣ አይደለም። ጣና ውስጥ 15 ዓይነት አለ። 8ቱ ሌላ ዓሣ እየበሉ ይኖራሉ፤ የሚገርመው አፋቸው ውስጥ ጥርስ የላቸውም፣ ምግባቸውን የሚያደቁት ጉሮሯቸው ውስጥ ባለ ጥርስ ነው። እንዲህ ያለ ስብስብ ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ በሚባል ሐይቅም ነበር። ያኛው ጠፍቷል። የቀረው የኛው ነው።

ከነዚህ ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ሐይቁን ትተው ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል አባይ ይወጣሉ። ጠጠር ያለበት ንጹሕ ውኃ ፈልገው እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ከመውጣታቸው በፊት ግን ወንዙ አፍ ላይ ይከማቻሉ። አስጋሪ ደግሞ ይህን አሳምሮ ያውቃል። አንድ የነሐሴ ማለዳ ጉማራ አፍ ላይ መረብ ሲሳብ ጀልባ ላይ ነበርኩ። የሁሉም ሆድ ተወጥሯል። አንዷን አንስቼ ሆዷን ጫን ሳደርግ እንቁላሏ መዳፌ ላይ ፈሰሰ፣ እንደ ጤፍ ቅንጣት እየተንከባለለ። አብሮኝ የነበረው አስጋሪ አየት አደረገና «ምን ላድርግ፣ ዛሬ ካልያዝኩት ነገ ሌላው ይይዘዋል» አለኝ። ልክ ነው፣ ይይዘዋል። ችግሩም እዚያው ላይ ነው።

ሞተር ጀልባና ረጅም የናይለን መረብ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከገቡ ወዲህ፣ ወንዝ የሚወጡት በ10 ዓመት ውስጥ ከአራት እጅ ሦስቱን ያህል ማነሳቸው ተጠንቶ ታውቋል። ለመራባት የሚደርሱት ከዓመታት በኋላ ስለሆነ ቶሎ አያገግሙም።

ታዲያ ሐይቁ ለሁለት ወር ለምን አይዘጋም?

ሐይቁን ሁሉ መዝጋት አስጋሪውን ጦም ማሳደር ነው። የወንዙን አፍና ወንዙን መዝጋት ይበቃል፣ ከሐምሌ አጋማሽ እስከ መስከረም ማለቂያ። የቀረው ሐይቅ ክፍት ይሁን። ሕግ የለም አትበሉኝ፤ የፌዴራሉ የዓሣ አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፣ ክልሉም የራሱን አውጥቷል። የጎደለው በነሐሴ ዝናብ ጉማራ አፍ ላይ የሚያድር ጠባቂና ለጀልባው የሚሆን ቤንዚን ነው።

ቆሮሶ የሚባለው ዓሣስ?

ቆሮሶ ይሻላል። ወንዝ አይወጣም፣ ዳር ዳር ነው የሚራባው። ሴቷ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም ሲደነግጡ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ዳር ላይ ጉንጯ ያበጠ ቆሮሶ ከያዛችሁ፣ ታቅፋለች ማለት ነው። መልሷት። እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ከታየ ወዲህ በብዛት የሚይዘው ይህንኑ ዳር ዳሩን ነው፤ ጀልባና መረብም አያሳልፍም።

በብርብራ ዓሣ መያዝ የአባቶቻችን ዘዴ ነው፣ ምን ችግር አለው?

አባቶቻችን ጥቂት ነበሩ። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውኃ ውስጥ ሲገባ ዓሣው መተንፈስ ያቅተዋል፣ አፉን ከፍቶ ላይ ይንሳፈፋል። ትልቁን ትለቅማላችሁ። ጫጩቱና ዓሣው የሚበላው ትላትል ግን እዚያው ያልቃል። ደግሞ የሚደረገው ወንዝ ላይ ነው፣ ያውም ነጭ ዓሣ እንቁላሉን በጣለበት። መርዝና ፈንጂ በአዋጅ የተከለከሉ ናቸው፤ ብርብራም መርዝ ነው።

ናይል ፐርች ትልቅ ዓሣ ነው። ጫሞ ላይ አለ፣ ጣና ላይ ብንጨምረውስ?

በፍጹም! ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ በ1950ዎቹ (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር) ጨምረውት በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ የዓሣ ዓይነቶች አልቀዋል። ጣናን እስካሁን ያዳነው ጢስ ዓባይ ነው። ከታች ያለው ዓሣ ያንን ፏፏቴ መውጣት አይችልም። ተፈጥሮ የዘጋችውን በር እኛ በባልዲ አንክፈተው።

ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ዘንግ ይዤ ብመጣ ባሕር ዳር ላይ ማጥመድ እችላለሁ?

እዚያ ያለ ፈቃድ መንጠቆ አይጣልም አይደል? እዚህም መጀመሪያ የግብርና ቢሮውን ጠይቅ፣ ወንዝ አፍ አጠገብም ክረምት ላይ አትሂድ። በነገራችን ላይ የምትከፍላት የፈቃድ ብር እዚያው ለዓሣና ለዱር እንስሳት ሥራ ትውላለች፤ ዘንጉንና መንጠቆውን ስትገዛም ከ1950 (ይህም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ጀምሮ ለዚሁ የሚሰበሰብ የፌዴራል ግብር አለበት። አሜሪካ ካየሁት የምቀናው በዚህ ነው፤ አጥማጁ ራሱ ለዓሣው ይከፍላል።

ዋልያ ማደን ይፈቀዳል? የደጋ አጋዘን ይታደናል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ዋልያ አይፈቀድም። የደጋ አጋዘን ግን በባሌና በአርሲ አካባቢ፣ ቁጥጥር በሚደረግባቸው የአደን ቀበሌዎች ብቻ፣ በኮታና በፈቃድ ይታደናል። የሚመታውም ቀንዱ የረዘመ ያረጀ ወንድ ነው። የሚመጡት አብዛኛውን ጊዜ የውጭ አዳኞች ናቸው፣ ክፍያውም በዶላር ነው።

ከርከሮ በቆሎዬን ጨረሰው። መርዝ ባስቀምጥስ?

ወንድሜ፣ መርዙን ከርከሮው ብቻ አይበላውም። የሞተውን ጅብ ይበላዋል፣ ጥንብ አንሳ ይበላዋል፣ የጎረቤትህ ውሻም ይበላዋል። አንድ የተመረዘ ሬሳ ላይ ስንት አሞራ እንደሚሰበሰብ ታውቃለህ። ጉዳቱን ለወረዳው አመልክት፣ በጽሑፍ ይሁን። እስከዚያ ያው የድሮው ነው፦ ማማ ሥራ፣ ከጎረቤቶችህ ጋር ተራ ግቡ፣ ውሻም አይጥፋ። በቆሎው እሸት ሲሆን ያሉት ሳምንታት ናቸው ከባዱ።